ወገብ ያለው ኡዶን፦ ከታካማትሱ እስከ ኮቶሂራ

(ለጉዞ ወዳጆች በተዘጋጀ የምሽት ጨዋታ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ጋባዦቼ ስለ ጃፓን ምግብ ተናገር ሲሉኝ፣ ሱሺ እንደምትጠብቁ ገብቶኛል። ሱሺ አልያዝኩም። ቶኪዮና ኪዮቶንም አልያዝኩም፤ እነሱን ከእኔ ይልቅ ስልካችሁ ያውቃቸዋል። ይዤ የመጣሁት አንዲት ከተማና አንዲት ጎረቤቷን ነው፤ ታካማትሱንና ኮቶሂራን። በመካከላቸው በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ቢኖር ነው። ሁለቱም ሺኮኩ በምትባለው ደሴት፣ ካጋዋ በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ይገኛሉ። ከጃፓን 47 ክፍለ ሀገሮች በስፋት የመጨረሻው ካጋዋ ነው፤ 1,877 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል። በኡዶን አበላል ግን የሚስተካከለው የለም።

ኡዶን ከስንዴ የሚሠራ ወፍራም ነጭ ኑድል ነው። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር በ2011 ተነሥቶ "እኛ የኡዶን ክፍለ ሀገር ነን" ብሎ ማስታወቂያ አስነገረ። እስቲ እኛ ዘንድ አንድ ዞን ተነሥቶ "የሽሮ ዞን በሉኝ" ሲል አስቡት። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛው እናገራለሁ፤ እሱን አለቅም።

ከቶኪዮ ማታ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ የሚነሣ የሌሊት ባቡር አለ፤ ሰንራይዝ ሴቶ ይሉታል። ተኝታችሁ ታድራላችሁ። ሲነጋጋ ባቡሩ ከዋናው ደሴት ወጥቶ በ1988 በተመረቀው በታላቁ የሴቶ ድልድይ ላይ ባሕሩን ይሻገራል። ጠዋት ለአንድ ተኩል ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ላይ ታካማትሱ ይደርሳል። ሰዓቱን እንዲህ በደቂቃ የምቆጥርላችሁ ወድጄ አይደለም። እዚያ አገር ኡዶን የጠዋትና የቀትር ምግብ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ማለዳ ይከፍታሉ፤ የዕለቱ ኑድል ሲያልቅ ይዘጋሉ። ሰባት ሰዓት አልፎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እየተዝናናችሁ ብትሄዱ የተጠቀለለ መጋረጃ ታገኛላችሁ። ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ ከተማውን ዞሮ ኋላ ሊበላ ያስባል። ታካማትሱ ውስጥ ይህ አያዋጣም፤ መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ዙሩ።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደተዋረድኩ ልንገራችሁ። ቦርሳ ያንጠለጠለ የቢሮ ሰው ተከትዬ አንድ ቤት ገባሁ። ወረፋ ነው። ሁሉም ሰው ትሪ ይይዛል፣ መጠን ይናገራል፦ "ሾ" ካለ አንድ ጥቅል፣ "ቹ" ካለ ሁለት፣ "ዳይ" ካለ ሦስት። እኔም "ቹ" አልኩ። ሴትዮዋ ነጭ ኑድል በጎድጓዳ ሳህን አድርጋ ሰጠችኝ። ከፍዬ፣ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። ቀዝቃዛ ነው፤ መረቅ የለው፣ ጨው የለው። ይህ ነው እንግዲህ ዓለም የሚያወራለት እያልኩ በትዕግሥት አላምጣለሁ።

ከፊት ለፊቴ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ተቀምጠዋል። አይተው አይተው አልቻሉም፤ ተነሥተው ሳህኔን ከእጄ ወሰዱት። "ኮኮ፣ ኮኮ" ይሉኛል፤ እዚህ፣ እዚህ ማለት ነው። ለካ ከጥግ የሚንተከተክ ውሃ አለ። ኑድሉን እጀታ ባለው ረጅም ማጥለያ አድርገው አጥልቀው፣ ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አድርገው አወጡት። ከጎኑ ቧንቧ ያለው በርሜል ቆሟል። ሲከፍቱት ትኩስ መረቅ ወረደ። ከዚያ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከዚያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ጨመሩበት፣ ሰሊጥም በተን አደረጉበት። ሳህኑን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። የቀረው ሰው ሁሉ ያላየ መስሎ አቀርቅሮ ይበላ ነበር፤ ያ ደግሞ የጃፓኖች ጨዋነት ነው። ሁለቱ ጥቅል ኑድል ያኔ 400 የን እንኳ አልሞላም ነበር።

አሁን ወደ አፍ እንግባ። እነሱ ጥሩ ኡዶንን የሚያሞግሱት "ኮሺ አለው" ብለው ነው። ኮሺ ማለት ወገብ ነው፤ ይኸው የእኔና የእናንተ ወገብ። ጥርስ ሲያርፍበት መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ነው የሚበጠሰው። ለስላሳ ነው ግን አይልፈሰፈስም። ይህን ሲያስረዱኝ እኛ እንጀራ ስንመርጥ ዓይኑን አይተን እንደምንመርጥ ትዝ አለኝ። የእኛው ምግብ ዓይን አለው፣ የእነሱ ወገብ። የአገሩ ሰው ደግሞ ብዙም አያላምጥም፤ ሹርርር አድርጎ ይስብና በጉሮሮው ያሳልፈዋል፤ የመዋጡን ስሜት ለብቻው ያጣጥመዋል። በእኛ ቤት አድጎ በድምፅ መብላት ይከብዳል። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንዴ ከለመዳችሁት ግን ቤት ተመልሳችሁ በፓስታ ታፍራላችሁ።

ለምን እዚህ? ሩዝ በሚመለክበት አገር አንድ ጥግ እንዴት የስንዴ ሆነ?

ነገሩ ውሃ ነው። ካጋዋ በሁለት ተራራማ አገሮች መካከል ተሸጉጧል። በሙቀት ወራት ከደቡብ የሚመጣውን ዝናብ የሺኮኩ ተራሮች ያስቀሩታል፤ በብርድ ወራት ከሰሜን የሚመጣውን በረዶ ከባሕሩ ማዶ ያሉት ተራሮች ይይዙታል። ታካማትሱ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። እዚህ የተቀመጡ የግብርና ሰዎች ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ አዎ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይራራቅም። ለሩዝ አገር ግን ይህ ጥማት ነው። ወንዞቹ አጫጭር ናቸው፤ ዘንቦ ሳያበቃ ውሃው ባሕር ገብቷል። ስለዚህ ገበሬው ሺህ ዓመት ሙሉ ኩሬ ሲቆፍር ኖረ። ዛሬም በዚያች ጠባብ መሬት ከአሥር ሺህ በላይ ኩሬ አለ። ከሁሉም ትልቁ ማኖ የሚባለው ከኮቶሂራ አጠገብ ነው። በጎርፍ ፈርሶ ሲያስቸግር፣ በ821 የጠገነው ኩካይ የተባለው የቡድሃ መነኩሴ ነው። ኩካይ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ወደ ቻይና ተሻግሮ ተምሮ በ806 የተመለሰ ሊቅ። ኡዶንንም ከቻይና ያመጣው እሱ ነው ይላሉ፤ አፈ ታሪክ ነው፣ እንዲያው ይሁንላቸው። ድርቁ ግን ተረት አይደለም። በ1994 ታካማትሱ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሆኖ ነበር። እሱን እንኳ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሩዝ ከተነሣ በኋላ በደረቁ ማሳ ላይ ስንዴ ይዘራል። ፀሐይ የማይጠፋበት ዳርቻ ስለሆነ ባሕሩ ጨው ይሰጣል፤ ሳካይዴ የምትባለው ከተማ በጨው ነበር የምትታወቀው። ኢቡኪ ከምትባል ትንሽ ደሴት "ኢሪኮ" የተባለ የጣት ርዝመት እንኳ የሌለው ደረቅ ዓሣ ይመጣል፤ መረቁ የሚወጣው ከእሱ ነው። ሾዶ የምትባለው ደሴት ደግሞ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሶያ ሶስ በእንጨት በርሜል ስትጠምቅ ኖራለች። ስንዴ፣ ጨው፣ ዓሣ፣ ሶያ ሶስ፤ አንድ ሳህን ኡዶን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሁሉም ከደጃፍ። ዛሬ አንዱ ከእጃቸው ወጥቷል። አብዛኛው የኡዶን ስንዴ ከአውስትራሊያ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ለኑድል ተብሎ የሚመረት ነጭ ስንዴ አለ። ክፍለ ሀገሩ ይህ ቆጭቶት "ሳኑኪ ኖ ዩሜ" የሚባል የራሱን ዝርያ አውጥቷል፤ የሳኑኪ ሕልም ማለት ነው። ሳኑኪ የካጋዋ የድሮ ስም ነው። ቁጭታቸው የገባኝ መሰለኝ።

ከተማው ውስጥ ሁለት ቦታ አያምልጣችሁ። አንደኛው ሪትሱሪን የሚባለው የመሳፍንት አትክልት ስፍራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተለፍቶበት በ1745 ያለቀ። 1,400 ያህል ጥድ አለው፤ ከእነዚያ ውስጥ አንድ ሺህ የሚሆኑት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በሰው እጅ የተገሩ ናቸው። ውሃ በጠማው አገር ስድስት ኩሬ ያለው አትክልት ስፍራ ማየት መጀመሪያ ይከነክናል። ቦታው ድሮ ወንዝ ይሄድበት የነበረ ነው፤ ወንዙ በሌላ በኩል ቢመለስም ከመሬት በታች ያለው ውሃ አልተቋረጠም። ከኩሬው ዳር ኪኩጌትሱ የሚባለው የሻይ ቤት አለ፤ ጫማ አውልቃችሁ ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ማቻ የሚሉትን የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ትጠጣላችሁ። ጣፋጭ ከወደዳችሁ ዋሳንቦን የሚባለውን የአገሩን ስኳር ፈልጉ። ከቀጭን ሸንኮራ የሚወጣ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በአበባና በቅጠል ቅርጽ ይታተማል፣ ምላስ ላይ እንደ ጤዛ ነው የሚጠፋው።

ሁለተኛው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ቤተ መንግሥት ነው። በ1588 የተጀመረ፣ ዙሪያውን የከበበው ቦይ የባሕር ውሃ የሆነ። ስለዚህ በቦዩ ውስጥ የሚዋኘው የባሕር ዓሣ ነው፤ "ታይ" የሚሉት፣ ለሠርግና ለደስታ የሚበላው። ጥቂት ሳንቲም ከፍላችሁ መኖ ትወረውራላችሁ። ደረቅ የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ የድንጋይ ግንብ ሥር ኮቶዴን የሚባለው ትንሽ ባቡር ይነሣል። ተሽከርካሪዎቹ በቶኪዮና በናጎያ አካባቢ አገልግለው እዚህ የመጡ ናቸው፤ ልክ እንደ እኛ ቪትዝ። ያው ሳይጣደፍ፣ በየኩሬው ዳር እየተንገጫገጨ ኮቶሂራ ያደርሳችኋል።

ኮቶሂራ በአንድ ተራራ ሥር የተጠጋች ትንሽ ከተማ ናት። ተራራው ላይ የመርከበኞች ጠባቂ ነው የሚባለው የኮንፒራ ቤተ መቅደስ አለ። እስከ ዋናው ቤተ መቅደስ 785 ደረጃ ነው፤ እስከ ውስጠኛው 1,368። በደረጃው ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች የቀርከሃ ምርኩዝ ያውሳሉ፤ "አይ፣ እኔ አያስፈልገኝም" የሚል ጎረምሳ ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ አልሳቅሁበትም። ስለ ቁጥሩ አንድ ጨዋታ አላቸው። የሚወጡት ደረጃዎች 786 ናቸው፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት ተያይዘው በጃፓንኛ "ና-ያ-ሙ" ይነበባሉ፣ መጨነቅ ማለት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት ደረጃ አድርገው፣ እሷን ቀንሰው ጭንቀቱን 785 አደረጉት። ቀድሞ ደግሞ መሄድ የማይችል ሰው ውሻውን ይልክ ነበር፤ አንገቱ ላይ ገንዘብና ስም የያዘ ከረጢት ያንጠለጥልለታል፣ መንገደኛው እየተቀባበለ ያደርሰዋል። ስለት በውሻ!

ትልቁን በር እንዳለፋችሁ አምስት ነጫጭ ትላልቅ ጃንጥላዎች ተዘርግተው ታያላችሁ። ከበሩ ውስጥ ከረሜላ የመሸጥ መብት ያላቸው እነዚህ አምስት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ መብቱ ከጥንት ሲወርድ የመጣ ነው። ከረሜላው ቢጫ፣ ስስ፣ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ነው፤ ዩዙ የሚባል የሎሚ ዘመድ ይሸታል። ከእሱ ጋር ደግሞ የአውራ ጣት የምታህል መዶሻ ይሰጧችኋል። እየቀጠቀጣችሁ ለጎረቤት ታካፍላላችሁ። እኔ 785ኛው ላይ ተቀምጬ፣ ሜዳውን እያየሁ፣ ግማሹን ብቻዬን ጨረስኩት። ወደ 1,368 አልሄድኩም።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። ኮቶሂራ ውስጥ ኡዶን መሥራት የሚያስተምሩበት ቤት አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጨውና ውሃ ይለካል። የአሮጌ ሠሪዎች ቀመር "ዶሳን ካንሮኩ" ይባላል፦ በሙቀት ወራት ለአንድ ስኒ ጨው ሦስት ስኒ ውሃ፣ በብርድ ስድስት፣ በመካከሉ አምስት። ሙቀት ሊጡን ያላላዋል፣ ጨው ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ እንደ ወቅቱ ይለካሉ። የጨው ውሃው ዱቄቱ ላይ ይንጠባጠብና በጣት ጫፍ እንደ ፍርፍር ይታሻል። ከዚያ ይሰበሰባል፣ በወፍራም ላስቲክ ይጠቀለላል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ ካልሲያችሁን እንዳደረጋችሁ ትወጡበታላችሁ።

(ከአዳራሹ፦ "በእግር?") አዎ እማማ፣ በእግር። እኔም እንደርስዎ ነው ያልኩት። ምግብ፣ ያውም ሊጥ! እናቴ ቁራሽ ከወደቀ አንሥታ ስማ ነው ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጠው። አስተማሪዋ ሙዚቃ ከፈተች፤ ሁሉም በየሊጡ ላይ መርገጥ ጀመረ። ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ግን ተረከዜን ሳሳርፍ ነገሩ ገባኝ። ሊጡ በጨው የጠነከረ ስለሆነ በእጅ አይበገርም፤ የሰው ሙሉ ክብደት ይፈልጋል። ሲረገጥ ይንጣለላል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይረገጣል፤ እጥፋቱ በላይ በላዩ እየተደራረበ ነው ያ ወገብ የሚወጣለት። ከዚያ ያርፋል፣ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይቀቀላል። እንደወጣ በቀዝቃዛ ውሃ እየታሸ ይታጠባል፤ እነሱ "ማጥበቅ" ይሉታል። የእኔ ኑድል አንዱ ጣት ያክላል፣ አንዱ ክር። ጥሩ ነበር።

ኑድል ለሰለቸው ደግሞ በሌላው የባቡር መንገድ ላይ፣ በኮቶዴን ሳይሆን፣ ማሩጋሜ የምትባል ከተማ አለች። የዶሮ እግር ከነጭኑ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ተጠብሶ፣ በራሱ ስብ ተጥለቅልቆ ይቀርባል። ሲያዝዙ ይጠይቃሉ፦ "ሂና" ወይስ "ኦያ"? ጫጩት ወይስ እናት እንደማለት ነው። ቱሪስቱ ለስላሳውን ሂና ይመርጣል። እናንተ ኦያውን እዘዙ። ጥርስ ይፈትናል፤ ጣዕሙ ግን የእውነተኛ የሐበሻ ዶሮ ነው፣ ወጥ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተንተክትኮ እንኳ የማይፈርሰው ዓይነት። ስቡን በጥሬ ጥቅል ጎመን እየጠቀሱ ይበላሉ።

በገበያ ደግሞ አንዲት ነገር አግኝቼ ሳቅኩ። "ሾዩ ማሜ" ይሏታል፦ ደረቅ ባቄላ ይቆላል፣ ከዚያ በሶያ ሶስ፣ በስኳርና በትንሽ ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ይዘፈዘፋል። አሹቅ! እኔ ነኝ ያለ አሹቅ፤ ጣፋጭ መሆኑ ብቻ ነው ያስገረመኝ። ሁለት ከረጢት ገዝቼ አንዱም አዲስ አበባ አልደረሰም።

ለጿሚዎች አንድ ነገር ልንገርና ልጨርስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብን በኡዶን ጾምኩ ብዬ ነበር። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፤ ምን ይሻል? በሦስተኛው ሳምንት ነው ከመረቁ በርሜል አጠገብ የኢሪኮ ከረጢት ያየሁት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም፤ የንስሐ አባቴ ስቀው ዝም አሉኝ። ማወቅ ያለባችሁ፣ ጃፓን ውስጥ ግልጽ መስሎ የሚታይ መረቅ ሁሉ ዓሣ ሊኖርበት እንደሚችል ነው። ቴምፑራ የሚሉት፣ በሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰው ምግብ መጥቀሻውም፣ የተቀቀለው ጎመንም ሳይቀር። ጿሚ ከሆናችሁ ባዶ ኑድል በንጹሕ ሶያ ሶስ፣ በሽንኩርት ቅጠልና በዝንጅብል ጠይቁ፤ የሶያ ሶሱ ጠርሙስ ላይም ዓሣ አለመኖሩን አስነብቡ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሚሪንን ጠይቁ፤ ከሩዝ የሚወጣ፣ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ነው፤ በብዙ ሶስ ውስጥ ይገባል።

አገር ቤት እንደተመለስኩ ለቤተሰቤ ልሠራ ተነሣሁ። ፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ወፍራም ላስቲክ። በሩን ዘግቼ፣ አዲስ ካልሲ አድርጌ ረገጥኩ። እናቴ በሩን ከፈተች። ሊጡን አየች፣ እግሬን አየች፣ በሩን መልሳ ዘጋችው። ማታ ሲቀርብ ግን እሷም ተቀመጠች። አንዱን ክር በሹካ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። "ዓይን የለውም" አለች። ከዚያ ከምድጃው ላይ የሽሮውን ድስት አመጣችና ሁለት ጭልፋ ገለበጠችበት።